የጸደይ አበባ በሐርጌሳ

አማርኛ በመማር ላይ ያለ ሰው «ጸደይ ማለት የትኛው ወራት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መልሱ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ ሜዳውን ሲሸፍነው «ጸደይ ገባ» ይላል። የዘመን አቈጣጠር ሊቃውንት ግን ያ ጊዜ የክረምቱ መውጫና የመፀው መግቢያ መሆኑን አስረድተው፥ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 ቀን ጀምሮ እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለው ወራት ነው ይላሉ። ጋዜጣም ዘፈንም ይህን ትምህርት ከዘነጉት ቈይተዋል። በእኛ በትግርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የመስከረሙ አበባ «ገልገለ መስቀል» ይባላል፤ «ጽድያ» የሚለው ስም ግን ከመጋቢት በኋላ ላለው ጊዜ ተለይቶ ስለሚነገር፥ ነገሩ እምብዛም አያሳስትም።

ይህን ያነሣሁት ቃል ለመሰንጠቅ ብዬ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር እኅቴን ለመጠየቅ ወደ ሐርጌሳ ሄጄ ሳለሁ፥ የሊቃውንቱን ጸደይ ከነአበባው ያገኘሁት እዚያ ስለ ሆነ ነው። ሶማሌዎች ዓመቱን በአራት ከፍለው ጉእ፥ ሐጋ፥ ደይር፥ ጂላል ይሉታል። ጉእ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው ዋናው የዝናብ ወራት ሲሆን፥ ከእኛ የመጽሐፍ ጸደይ ጋር በቀን ለመስማማት ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ሐጋ ነፋሻ ወራት ነው፤ ስሙን የሰማ የትግርኛ ሰው «ሓጋይ» የሚለውን የራሱን ቃል ማስታወሱ አይቀርም። ዝምድና አላቸው ወይስ የላቸውም የሚለውን የቋንቋ ዐዋቂዎች ይመርምሩት። ደይር አነስተኛው ዝናብ ነው፤ ጂላል ደግሞ ሰውም ከብትም የሚጨነቅበት የደረቅ ወራት ነው። አርብቶ ዐደሩ ሶማሌ ዕድሜውን ሳይቀር የሚቈጥረው በጉእ ነው፤ ይህን ያህል ጉእ አየሁ ማለቱ ይህን ያህል ዓመት ኖርሁ ማለቱ ነው።

እኅቴ ከእኔ በስድስት ዓመት ትበልጣለች። ባለቤቷ የወለል ንጣፍ ሠራተኛ ናቸው፤ ሐርጌሳ ውስጥ ሕንፃ በብዛት ስለሚሠራ፥ ሥራ ፍለጋ ወደዚያ የሄዱት ከጦርነቱ አስቀድሞ ነበር። እኅቴም «ሦስት ወር ብቻ ቈይቼ እመለሳለሁ» ብላ የአራት ዓመት ልጅዋን ይዛ ልትጠይቃቸው እንደ ሄደች፥ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሣ። መንገድ ተዘጋ፥ ስልክም ተቋረጠ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ ስምምነት ተፈርሞ ስልኩ ሲከፈት፥ እናታችን የልጃቸውን ድምፅ ሰምተው ብዙ አለቀሱ። መመለሱ ግን ዛሬ ነገ ሲባል፥ ሦስቱ ወር አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ።

እናታችን በአዲግራት በግቢያቸው ውስጥ ለእኅቴ ያሠሩላት አንዲት ክፍል አለች። በየቅዳሜው ትጠረጋለች፤ አልጋው በነጭ አንሶላ እንደ ተሸፈነ ነው። አንድ መምህር ክፍሏን ለመከራየት ጠይቀዋቸው፥ እሺም እንቢም ሳይሉ ሦስት ወር አቈዩአቸው። የኪራዩ ገንዘብ ደግሞ ለመድኃኒታቸው የሚያስፈልግ ነበር። እኔ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ልሄድ መሆኔን ስነግራቸው፥ «በስልክ ብጠይቃት ደኅና ነን ከማለት በቀር ሌላ ቃል የላትም። አንተ ሄደህ በዐይንህ እይ። ያለችበት እንግድነት ነው ወይስ ቤት? እንግድነት ከሆነ ክፍሏ ትጠብቃት፤ ቤት ከሆነም ቁርጡን ንገረኝ» አሉኝ። በጨርቅ የተቋጠረ ዘርም ሰጡኝ። አንደኛው ቋጠሮ በትግርኛ ሰሰግ፥ በአማርኛ በሶብላ የሚባለው ነው። ሁለተኛው እኛ ጨና አዳም የምንለው ጤና አዳም ነበር።

ከአዲስ አበባ እስከ ጅግጅጋ በአውሮፕላን ሄድሁ። የካራማራን ተራራ በስተኋላ ትቶ ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚወስደው መንገድ ሰፊ ሜዳ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ዝናቡ ጀምሮ ስለ ነበር ሜዳው ገና አዲስ ለብሶ ነበር። ድንበሩን በእግር ተሻግሬ በታክሲ ተሳፈርሁ። ከዚያ እስከ ሐርጌሳ ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ማሽላና በቈሎ በሚዘራበት በገቢሌ በኩል ያልፋል። አንድ የሚያስገርም ነገር ቢኖር፥ መኪናዎቹ የሚሄዱት እንደ እኛ አገር በቀኝ በኩል ሲሆን፥ አብዛኛዎቹ መሪያቸውም በቀኝ በኩል መሆኑ ነው። ነጂው ከፊቱ ያለውን መኪና ሊቀድም ሲፈልግ፥ የሚመጣውን መኪና አስቀድሞ የሚያየው በስተግራ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው። በስተግራ የተቀመጥሁት እኔ ስለ ነበርሁ፥ ስለዚህ ጉዞ ከዚህ የበለጠ ባልናገር ይሻላል።

በየመንገዱ ዳር በእሾሃም ዛፎች ላይ ነጭና መዓዛው የሚጣፍጥ አበባ ፈንድቶ፥ ንብ ሠፍሮበት አየሁ። ሶማሌዎች ይህን የግራር ዓይነት ቢልዒል ይሉታል። ከሥሩ በየድንጋዩ መካከል እሬት ቀይ አበባውን እንደ ጧፍ አቁሞ ነበር፤ የእሬት ስም በእነርሱ ደዐር፥ በትግርኛ ዕረ ነው። ጽድያ ሲገባ በአጋሜ ተራሮች የማየው እሬት ትዝ አለኝ። በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው አበባ ሲባል የሚያስበው የመስከረምን ሜዳ ወይም በሱቅ የሚሸጠውን ጽጌረዳ ነው። የደረቅ አገር አበባ ግን ከእሾህ መካከል የሚወጣ ስለ ሆነ፥ ቀርቦ ለሚያየው ካልሆነ በቀር ራሱን አይገልጽም።

ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፥ አየርዋም የሚስማማ ከተማ ናት። በመካከልዋ ማሮዲ ጄሕ የሚባለው ወንዝ ያልፋል፤ ወንዝ ይባል እንጂ ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ በላይ በኩል ሲዘንብ ግን ደራሽ ውኃ በድንገት ይመጣበታል። ከከተማው ወጣ ብሎ ናሳ ሀብሎድ የሚባሉ ሁለት ተመሳሳይ ኮረብታዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ትርጓሜውም የልጃገረዶች ጡት ማለት ነው። እንግሊዞች በ1933 ዓ.ም. አገሩን ከኢጣልያ እጅ ካስለቀቁ በኋላ የአስተዳደሩን መቀመጫ ከበርበራ ወደዚህ አዛወሩ። ሶማሌላንድ ሰኔ 19 ቀን 1952 ዓ.ም. ነጻ ወጥታ፥ ከአምስት ቀን በኋላ ከደቡቡ ክፍል ጋር ተዋሐደች፤ ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ነጻነቷን እንደገና ዐወጀች።

በእነዚህ ሁለት ዘመናት መካከል የሆነውን በከተማው እንብርት ከፍ ባለ መደብ ላይ የተሰቀለው የሚግ የጦር አውሮፕላን ይናገራል። በ1980 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ መንግሥት ከተማውን በአውሮፕላንና በመድፍ ሲደበድብ፥ ከሐርጌሳ ከራስዋ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ሐርጌሳን የመቱ አውሮፕላኖች ነበሩ። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ ከጅግጅጋ ወደ ምሥራቅ በሐርታ ሼክ የተሠራው ሠፈር በጊዜው በዓለም ላይ ከነበሩት ታላላቅ የስደተኞች ሠፈሮች አንዱ ሆነ። ሠፈሩ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። አንባቢ ይህን እንዲያስታውስ እለምናለሁ፤ ኋላ የምናገረው ነገር አለና።

ገበያው ደስ ያሰኛል። የገንዘብ መንዛሪዎች የሶማሌላንድን ሽልንግ እንደ ጡብ ከምረው በመንገድ ዳር ይቀመጣሉ፤ የሚሰርቃቸው የለም። ይሁን እንጂ ሽልንጉን ቈጥሮ የሚከፍለው እየቀነሰ ነው፤ በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው ዛድ የሚባለው የስልክ ክፍያ ስላለ ሻይ ሻጭዋ ሳትቀር በስልክ ትቀበላለች። ዋሂን የተባለው ታላቁ ገበያ መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሌሊት በእሳት ጋይቶ ነበር። እኅቴ እንጀራ ጋግራ የምታስረክበው በዚያ አካባቢ ላሉ ምግብ ቤቶች ስለ ነበር፥ ያን ጊዜ ለብዙ ወራት ደንበኛ አጥታ እንደ ነበረ የሰማሁት አሁን ነው። በስልክ «ደኅና ነን» ትለን የነበረው በዚያም ወቅት ነበር።

ቤቷ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሠፈር ነው፤ ታናሽዋ ጅግጅጋ ማለት ነው። ወደ ሠፈሩ ስንሄድ ሻዓብ በሚባለው በኩል አለፍን፤ በዚያ የድሮ ግቢዎች ስላሉ፥ ቡጋንቪላ በየአጥሩ ላይ ሐምራዊና ቀይ ሆኖ ወደ መንገዱ ይወርዳል። አቧራው ነጣ ያለ፥ ግንቡም በአብዛኛው ነጭ ስለ ሆነ፥ ያ ቀለም ከሩቅ ይጣራል። ስለ ቡጋንቪላ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰው አበባው ብሎ የሚያደንቀው ባለ ቀለሙ ክፍል በእውነቱ ቅጠል ነው፤ አበባው በመካከል ያለችው ትንሽ ነጭ ነገር ናት። ይህንን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩን የሳይንስ መምህር ከነገሩን ጀምሮ፥ ተክሉን ባየሁ ቍጥር ለአጠገቤ ሰው ሳልነግር አላልፍም፤ እኅቴም ይህን ስለምታውቅ ገና አፌን ስከፍት ሣቀች።

ውኃ በሐርጌሳ ውድ ነው። ከከተማው በስተሰሜን ካሉት ከገድ ደብሌ ጉድጓዶች የሚመጣው ውኃ ለሚያድገው ሕዝብ አይበቃም፤ ቧንቧ ያልደረሰበት ቤት ከቦቴ መኪና ወይም አህያ ከሚጐትተው ጋሪ ይገዛል። የእኅቴም ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ በግቢዋ የተተከለው እያንዳንዱ ተክል በገንዘብ የሚጠጣ መሆኑን ተረዳሁ። ሩዝ የታጠበበት ውኃ ለቃርያው፥ ልብስ ለመጨረሻ ጊዜ የታለቀለቀበት ለቡጋንቪላውና ለያስሚኑ ይሰጣል፤ ንጹሕ ውኃ የሚያገኙት በዘይት ቆርቆሮ የተተከሉት ቡቃያዎች ብቻ ናቸው። በሚያዝያ ግን ሰማዩ በነጻ ስለሚሰጥ፥ ያን ሰሞን ዝናብ በጀመረ ቍጥር እናትና ልጅ ባልዲና ድስት ሳይቀር ይዘው ወደ ደጅ ይሮጡ ነበር። እኔም አንድ ምሽት ከነክራባቴ ድስት ተሸክሜ ከጣራው ሥር ቆምሁ።

ሌላም ነገር አየሁ። ከበሩ እስከ ማእድ ቤቱ ያለውን መተላለፊያ የእኅቴ ባለቤት ከየሥራቸው የተረፈውን ስባሪ ንጣፍ እየለቀሙ፥ ሰማያዊውን ከቢጫው እያሰማሙ አንጥፈውታል። ሁለት ዓመት እንደ ፈጀባቸው ነገሩኝ። ቤቱ የኪራይ ነው። ሰው በኪራይ ቤት ሁለት ዓመት የፈጀ ንጣፍ ካነጠፈ፥ የእናታችን ጥያቄ ገና ሳልጠይቀው መመለስ ጀምሯል ብዬ አሰብሁ፤ ግን በልቤ ያዝሁት።

የቤቱ ባለቤት በዚያው ግቢ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። እኅቴ በሶማልኛ ኤዶ ትላቸዋለች፤ የአባት እኅት ማለት ሲሆን ለታላቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት ጥሪ ነው። በደጃቸው ግንዱ እንደ እንስራ ያበጠ፥ ቅጠሉ ጥቂት፥ አበባው ግን ሮዝ መልክ ያለው የበረሃ ተክል አለ። እርሳቸው በ1980 ዓ.ም. አራት ልጆች ይዘው ከሐርጌሳ ወደ ሐርታ ሼክ በእግራቸው ከተጓዙት አንዷ ናቸው። የተማሩት ጥቂት አማርኛም የዚያ ዘመን ትዝታ ነው፤ «ውኃ»፥ «ዳቦ»፥ «ወረፋ»፥ «ነገ ና» የሚሉትን ቃላት በተለይ አሳምረው ይናገራሉ። ወረፋና ነገ ና የሚሉትን ቃላት ከማን እንደ ተማሩ የመንግሥት ሠራተኛ እንደ መሆኔ አልጠየቅሁም። ተመልሰው ሲመጡ ቤታቸው ጣራ አልነበረውም፤ በመኝታ ቤታቸው ወለል ላይ ግን ግራር በቅሎ ቁመቱ ከሰው በልጦ ነበር። ወንዶቹ ሊቈርጡት ሲሉ ከልክለው፥ አዲሱን ክፍል ወደ ጎን አዛውረው አሠሩ። ዛፉ ዛሬ በግቢው መካከል ቆሟል፤ የእኅቴ ምጣድ ከሥሩ ነው።

ኤዶ የቤት ኪራዩን በጦርነቱ ዘመን ስድስት ወር እንዳልተቀበሉ እኅቴ በትግርኛ ስትነግረኝ፥ ቋንቋውን ባይሰሙም ስለ እርሳቸው እየተወራ መሆኑን ዐውቀው «ሐርታ ሼክ» ብቻ አሉና ሻያቸውን ጠጡ።

የእናታችንን ዘር በማግስቱ ዘራን። ኤዶ ሰሰጉን አሽትተው «ረይሓን!» አሉ፤ ጠረኑን ያውቁታል። ጤና አዳሙን ግን አላወቁትም፤ ቡና ውስጥ እንደሚገባ ሲነገራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያው ዕለት ቡና ተፈላ። የተጨሰው የዕጣን ዓይነት «በዮ» ይባላል፤ ከምሥራቁ የሶማሌላንድ ተራራ የሚመጣ ሲሆን፥ እኛ ከምናውቀው ከትግራዩ ዕጣን የተለየ የዛፍ ዘር ነው። የትኛው ይሻላል ተብሎ ክርክር ተነሣ፤ የእኅቴ ባለቤት የትግራዩን፥ እኅቴ የሶማሌውን ያዙ። ቍርሳችን ደግሞ ላሖሕ ነበር፤ ከእንጀራ ያነሰና የሳሳ፥ በሰሊጥ ዘይትና በስኳር ከሻይ ጋር የሚበላ ነው። እንጀራ የጋገረ እጅ ላሖሕን ለመልመድ አንድ ሳምንት አይፈጅበትም አለችኝ።

ልጅዋ ዛሬ ዘጠኝ ዓመቱ ሊሞላ ነው። በደጅ ሶማልኛ፥ በቤት ትግርኛ ይናገራል፤ እኔን «አኮይ» ብሎ ይጠራኛል፥ ይኸውም የእናቴ ወንድም ማለት ነው። በገበያ አስተርጓሚዬ እርሱ ነበር፤ ዋጋ ስከራከርም እኔ ካልሁት አሳንሶ እንደሚናገር ኋላ ደረስሁበት። ነገር ግን ኤዶን «አዬዮ» ይላቸዋል። አዬዮ አያቴ ማለት ነው። በአዲግራት ያሉትን አያቱን የሚያውቃቸው በስልክ ድምፅ ብቻ ነው፤ መልካቸውን እንዲስልልኝ ብጠይቀው ነጠላ የለበሰች ስልክ ሣለልኝ። ይህን ለእናታችን ልንገራቸው ወይስ ልተወው ብዬ በዚያ ሌሊት ብዙ ተገላበጥሁ።

ወደ ሐርጌሳ የሚመጣ ጐብኚ ሁሉ የሚያየው ላስ ጌልን ነው። በ1995 ዓ.ም. የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ለዓለም ያስታወቁት፥ አንገታቸው ያጌጠ ላሞች በብዙ ቀለም የተሣሉበት ጥንታዊ የዋሻ ሥዕል ሲሆን፥ ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እኔ ግን ሰባት ቀን ብቻ ስለ ነበረኝ ለሌላ ጊዜ አቈየሁት።

በስድስተኛው ቀን ማታ የእናታችንን ቃል ለእኅቴ እንዳለ ነገርኋት። ክፍሏ በየቅዳሜው እንደምትጠረግ አታውቅም ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ከቈየች በኋላ፥ «ልጁ ትምህርቱን እዚህ ጀምሯል፤ ባለቤቴ ሥራ አለው፤ እኔም ደንበኞቼን ከእሳቱ በኋላ እንደገና የሰበሰብሁት በስንት መከራ ነው። ወደዚያ ብመለስ ከየት እጀምራለሁ? ግን መምጣት አልፈልግም አልልም። አገሬን ጠልቼ አይደለም» አለች። ቀጥላም «ክፍሏን ያከራዩአት። መምህሩ ግን በበሩ አጠገብ ያለውን ጨና አዳም እንዳይነቅሉት ይንገሩልኝ» አለችና ተነሥታ ምጣዱን ለማግስቱ ማሰስ ጀመረች። ባለቤቷ እኔን አይተው «እርሳቸው ለምን አይመጡም?» አሉ።

ስመለስ ከጅግጅጋ ለእናታችን ደወልሁ። ስለ ዛፉ፥ ስለ ንጣፉ፥ ስለ ኤዶና ስለ ስድስቱ ወር ኪራይ በተራ ነገርኋቸው፤ በመጨረሻም አዬዮ የሚለውን ነገር አልደበቅሁም። ጥቂት ዝም አሉ። ኋላ ግን በመጀመሪያ የጠየቁኝ «አንድ በርሜል ውኃ ስንት ነው?» ብለው ነው። ዋጋውን ስነግራቸው ተቈጡ። ቀጥለውም «አያት አግኝቶ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ያድጋል ብዬ ነበር» አሉ። መምህሩ የፊታችን ቅዳሜ መግባት እንደሚችሉ፥ በበሩ አጠገብ ያለው ጨና አዳም ግን የክፍሏ እንጂ የኪራዩ አለመሆኑን ራሳቸው ተናገሩ፤ እኅቴ ያለችውን ገና አልነገርኋቸውም ነበር።

ከዚያም ሐርጌሳ ትሞቃለች ወይ አሉኝ። ከአዲግራት በአንድ ሺሕ ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ብትሆንም እንደ በርበራ እንደማታቃጥል፥ ለመሄድም የሚሻለው ጽድያ እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ እሬቱም ግራሩም እንደሚያብብ ገለጽሁላቸው። ስለ አበባው ምንም አላሉም። ለፓስፖርት ፎቶግራፍ ሲነሡ ነጠላ ይወለቃል ወይስ አይወለቅም ብለው ጠየቁኝ።